አፍተር ኢፌክትስ ሲዘገይ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ራሙን ይመልከቱ

ከአዘዞ የጻፉልን የቪዲዮ ባለሙያ፣ በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት በፎር ኬ ጥራት የቀረጹትን አፍተር ኢፌክትስ በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሲሠሩ ጥቂት ሰከንድ ለማየት እንኳ ብዙ ደቂቃ እንደሚጠብቁ፣ ላፕቶፓቸው 8 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና ሃርድ ዲስክ እንዳለው ገልጸው፣ የተሻለ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር መግዛት ይኖርባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

በገለጹልኝ መሠረት ዋናው ችግር ግራፊክስ ካርዱ አይመስለኝምና ለግዢው አይቸኩሉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ በወጡት እትሞች አፍተር ኢፌክትስ እያንዳንዱን ፍሬም (የቪዲዮውን አንድ ነጠላ ምስል) አስቀድሞ ሠርቶ፣ ሳይጨምቅ ራም ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ ነው የሚያጫውተው። አንድ የፎር ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክስል ስለሆነና እያንዳንዱ ፒክስል በ8 ቢት ቀለም 4 ባይት ስለሚይዝ፣ ፍሬሙ ብቻውን 33 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲታሰብ 10 ሰከንዱ ከ8 ጊጋባይት ያልፋል። ከእርስዎ ራም ላይ ዊንዶውስ የሚይዘው ሲቀነስ የሚተርፈው ለጥቂት ሰከንድ እንኳ አይበቃም። ፕሮጀክቱን ወደ 16 ቢት ከቀየሩት ደግሞ ፍጆታው በእጥፍ ያድጋል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ያለ ምንም ወጪ የፕሪቪውን (በሥራ ላይ የሚያዩትን የሙከራ ዕይታ) ሪዞሉሽን ከፉል (ሙሉ) ወደ ሃፍ (ግማሽ) ይቀይሩት። ወርዱም ቁመቱም በግማሽ ቀንሶ የፒክስሉ ቁጥር ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ ያው 10 ሰከንድ 2 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል፤ የመጨረሻው ሬንደር (ተጠናቅቆ የሚወጣው ቪዲዮ) በፉል እስከተዘጋጀ ድረስ ጥራቱ አይነካም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ የካሜራው ፋይል ነው። በኤች 264 ወይም በኤች 265 የተጨመቀ ፋይል አብዛኛውን ፍሬም የሚመዘግበው ከጎረቤቶቹ ያለውን ልዩነት ብቻ በመያዝ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ አንዱን ፍሬም ለማግኘት ሌሎቹንም መፍታት ይኖርበታል። ለረጅም ሥራ ከእያንዳንዱ ፋይል በፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም በዲኤንኤክስ ኤችአር የፋይል ዓይነት ቀለል ያለ ቅጂ (ፕሮክሲ) አዘጋጅተው በእርሱ ይሥሩ፤ ሲጨርሱ ግን በሬንደር ሴቲንግስ ውስጥ ፕሮክሲው እንዳይሠራ መመረጡን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ ደንበኛዎ የደበዘዘ ምስል ይረከባሉ።

ወጪ ማውጣት ካለብዎ መጀመሪያ ራም ይግዙ፤ ለዚህ ሥራ 32 ጊጋባይት ቢሆን እመክራለሁ። ፒያሳ ወርደው ከመግዛትዎ በፊት ላፕቶፕዎ ምን ያህል እንደሚቀበል፣ የራሙም ዓይነት ዲዲአር 4 ይሁን ዲዲአር 5 ይወቁ፤ በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ ጨርሶ አይቀየርም። ቦታው ካለ ከአንድ ባለ 32 ይልቅ ሁለት ባለ 16 ቢያስገቡ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ስለሚያነብ ይፈጥናል። ቀጥሎ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ያስገቡና በፕሪፈረንስስ ውስጥ የዲስክ ካሹን (የተሠሩ ፍሬሞች የሚቀመጡበትን ቦታ) ወደ እርሱ ያዛውሩ፤ አንዴ የተሠራው ፍሬም እንደገና ከመሠራት ይልቅ ከዚያ ይነበባል፤ ለዚህም ሃርድ ዲስኩ በጣም ዘገምተኛ ነው።

የጎንደርን ሁኔታም ማሰብ ይገባል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ማራገቢያው ከቆላ ይልቅ ያነሰ ሙቀት ያወጣል፤ የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ሬንደር ሲጀምር ፈጥኖ ቆይቶ የሚደክም ከሆነ ምልክቱ ይህ ነውና ማራገቢያውን ያስጠርጉ፣ የፕሮሰሰሩንም ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ያስቀይሩ። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠሩ የሚያዩት መዘግየት ግን ብልሽት አይደለም፤ ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ስለሚገታ ነው፤ ከባድ ሬንደር መብራት ባለበት ሰዓት ያድርጉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚዘገይ ከሆነ፣ በአፍተር ኢፌክትስ 2022 እትምና ከዚያ ወዲህ ባሉት በታይምላይኑ ግርጌ ያለችውን የቀንድ አውጣ ምልክት ይጫኑ፤ እያንዳንዱ ሌየር (የምስል ንብርብር) እና ኢፌክት የወሰደውን ጊዜ ያሳይዎታል። ጊዜውን የሚበላው በግራፊክስ ካርድ የሚሠራ ኢፌክት ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ስለ ካርዱ መነጋገር እንችላለን።