ጥያቄና መልስ፦ ዝምታዬ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። በየወሩ በ19 የቅዱስ ገብርኤልን ጽዋ የምንጠጣ ማኅበርተኞች ነን። በቅርቡ አንዲት እህት ልግባ ብላ ጠየቀች። ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እሷ ራሷ ግን ተምራለች፣ ባንክ ነው የምትሠራው። አንዳንዶቹ «ትግባ፣ ግን ተራ አይድረሳት፤ ቤቷ ሄደን አንጠጣም» አሉ። አንዷ ደግሞ «ቡዳ ቢሆኑስ?» ብላ ተንሾካሾከች። በጣም ተናደድኩ። ማኅበሩ እንዳይበተን ብዬ ግን ዝም አልኩ። ባለቤቴም «ታገሺ፣ ክርስቲያን አይጨቃጨቅም» አለኝ። ዝምታዬ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጽዋው ሥርዓት አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ባለቤትሽ ያለው ቃል ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። «ታገሺ።» ይህን ቃል እንዲህ ባለ ቦታ ስንቴ እንደሰማሁት!

ትዕግሥት የራስን በደል መቻል ነው። አንቺን ሰድበውሽ ዝም ብትይ ታግሠሻል። እሷን አዋርደዋት ዝም ስትይ ግን ምኑን ታገሥሽው? የተናቀችው እሷ፣ ታጋሽ የተባልሽው አንቺ። በሰው ቁስል መጽናት ማንንም አያቅተውም። ምሳሌ 31፥8 «አፍህን ስለ ዲዳው ክፈት» ይላል። ያን ቀን እህታችን በመካከላችሁ አልነበረችም። ስለ ራሷ አንዲት ቃል መናገር አትችልም ነበር። አፍ የነበራችሁ እናንተ ናችሁ።

ሰላም ይደፈርሳል ለሚሉሽ የአንጾኪያውን ታሪክ አስታውሺያቸው። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር። ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ አፈገፈገ። ማንንም አልሰደበም። ማዕዱን ብቻ ነው የለየው። ጳውሎስ ምን አደረገ? «ፊት ለፊት ተቃወምሁት» ይላል (ገላ 2፥11)። የሐዋርያትን አለቃ! ታዲያ ሁለቱ ተጣልተው ቀሩ? ሐምሌ 5 ቀን ጾማቸውን ፈተን በዓላቸውን የምናከብረው አንድ ላይ ነው።

እስቲ ስለ ጋኑ ደግሞ እንነጋገር። የማኅበራችሁ ጠላ የሚጠመቀው በምንድነው? በፕላስቲክ በርሜል ካልሆነ በጋን ነው። ጋኑን ማን ሠራው? ምጣዱንስ? ጀበናውንስ? ገበያ ወርደን፣ በጣታችን አንኳኩተን፣ ድምፁን ሰምተን፣ ተከራክረን እንገዛዋለን። የእጇን ሥራ ወደን እጇን እንጠየፋለን። ጌታ በሰማርያ ጕድጓድ ዳር «ውኃ አጠጪኝ» ያላት ሴት ሕዝቡ የማይተባበራት ነበረች። መቅጃም አልያዘም። ቢጠጣ የሚጠጣው ከእሷ እንስራ ነው። እሷም የደነቃት ይኸው ነው።

ቡዳ ስለተባለው ረጅም መልስ የለኝም። ሰው ጭቃ ስላቦካ ወይም ብረት ስለቀጠቀጠ ቡዳ አይሆንም። እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላሁት ያለው ባስልኤል የወርቅ፣ የብርና የናስ ሠራተኛ ነበር (ዘጸ 31)። እነዚህ የእጅ ባለሙያዎች በሲዳማ ሀዲቾ፣ በወላይታ ጭናሻ፣ በጎንደር ጠይብ ይባላሉ። ስሙ ይለያይ እንጂ ንቀቱ አንድ ነው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ ካስነገሩ መቶ ዓመት አልፏል። እኛ ገና እየተንሾካሾክን ነን።

ስቆጣሽ ግን ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። ወጣት ሰባኪ ሳለሁ ገጠር ተዝካር ተጠራሁ። ሸክላ ሠሪዎቹ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው ነበር። ምግባቸው በኮባ ቅጠል ወጣላቸው። እኔ ዳስ ውስጥ፣ በሳህን በላሁ። ከዚያ ተነሥቼ ስለ ፍቅር ሰበክሁ፤ ያውም ደህና አድርጌ። ስወጣ ከእነሱ አንዱ ሽማግሌ «መምህር፣ ድምፅዎ እዚህ ድረስ ይሰማል» አሉኝ። ያመሰገኑኝ መስሎኝ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አለፍኩ። የገባኝ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽ፣ መጀመሪያ ያችን የተንሾካሾከችውን እህት ለብቻዋ አግኚያት። በሰው ፊት አታዋርጃት። ቀጥለሽ ለማኅበራችሁ ሙሴ፣ ለመሪያችሁ፣ ንገሪ። ሙሴ ተብሎ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ያስቸግራል፤ እውነተኛው ሙሴ ኢትዮጵያዊት አግብቶ እኅቱ ማርያም አማችው። ለምጽ ወጣባት፣ ከሰፈርም ወጣች። ሕዝቡም እሷ እስክትመለስ ሰባት ቀን ከጉዞው ቆመ (ዘኁ 12)።

አንድ ነገር ግን አንቺንም ልወቅስሽ። «ተምራለች፣ ባንክ ነው የምትሠራው» ብለሽ ጽፈሽልኛል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እናቷ ብትጠይቅስ? ያቺ ጭቃ የምታቦካው፣ ማዕረግ የሌላት? በዚህ መንገድ አትሟገቺላት። ባንኩን ተይው። ስለ ልጅቱ ስትናገሪ እናትየዋም የምትገባበትን በር ክፈቺ።

ተራዋ የደረሰ ዕለት ቀደም ብለሽ ሂጂ። ለጋኑ ማጠኛ ወይራ ይዘሽላት ሂጂ፤ አብራችሁ እጠቡት። እምቢ ካሉ ደግሞ መልሰሽ ጻፊልኝ። በ19 እኔ ራሴ እመጣለሁ። ጽዋውን የምቀበለው ከእሷ እጅ ነው፤ እናቷም ካለች ከእናቷ።