መልስ፦ የዲቪዲ ድራይቩ መብራት እንኳን አይበራም

ወንድሜ፣ ዴስክቶፑ በደንብ እየተነሳ የዲቪዲ ድራይቩ ግን መብራቱም አይበራ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ትሪውም አይወጣ ብለሃል። ሞቷል ብለህ አዲስ ለመግዛት አትቸኩል።

ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀል፣ ጎኑን ክፈት። ከድራይቩ ጀርባ ሁለት የሳታ (ድራይቭ የሚገናኝበት የገመድ ዓይነት) ገመዶች ታያለህ። ሰፊው፣ ባለ 15 ፒኑ፣ ኃይል ያመጣል፤ ጠባቡ ባለ 7 ፒን የዳታ ነው። ጠባቡን ነቅለህ ሰፊውን ብቻ ተው። አሁን አስነሳውና የትሪውን ቁልፍ ተጫን። ከወጣ ኃይል አለ፤ ጣጣው ያለው በዳታ ገመዱ ወይም በማዘርቦርዱ (በዋናው ሰሌዳ) በኩል ነው።

ካልወጣ ደግሞ አጥፍተህ ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል ከሚሰጠው ሳጥን) የሚመጣ ሌላ ትርፍ የኃይል ገመድ ጫፍ ሰካበት። እኔን አንዴ ግማሽ ቀን ያደከመኝ፣ ለካ የድሮውን ባለ 4 ፒን ገመድ ወደ ሳታ የሚቀይረው አዳፕተር ላልቶ ኖሯል! አቧራ ሳራግፍ ነካክቼው መሆን አለበት። ድራይቩ 5 ቮልትም 12 ቮልትም ይፈልጋል፤ አንዱ ከቀረ አይሠራም። በሌላ ጫፍም ዝም ካለ፣ ያኔ ድራይቩን ቀይረው።

ውስጡ ዲስክ ቀርቶብሃል? ኮምፒውተሩ እንደጠፋ፣ ከፊት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የተቃና የወረቀት ክሊፕ ቀስ አድርገህ ግፋ።