የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቦታ ደርሶታል፣ ይሂድ ወይስ ይቅር?

ጃንዋሪ 2021 (በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የተጻፈ፤ ቀኖቹም ደንቦቹም የዚያን ጊዜ ናቸው)

ይድረስ ለእትዬ፣

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብራይትዉድ ነው። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፤ ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ፕሪ-ኬ 4 (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው የ4 ዓመት ልጆች ክፍል) ተመዝግቧል። ተመዘገበ እንጂ የክፍሉን በር አይቶ አያውቅም። በኮቪድ ምክንያት ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ የሚማረው በታብሌት ነው። በኖቬምበር ይከፈታል ተባለ፣ ቀረ። አሁን ደግሞ ፌብሩዋሪ 1 ይከፈታል፣ ለልጅሽ ቦታ ደርሶታል፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ብለው ደወሉልኝ። ክፍሉ የሚይዘው 11 ልጅ ብቻ ነው አሉኝ።

እኔ ማታ ማታ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ቀን ላይ ልጁን ታብሌቱ ፊት የምታስቀምጠው እናቴ ናት። 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተማሪዋ «አንሚዩት» (ድምፅ ክፈቱ) ባለች ቁጥር «ምን አለች?» እያለች ከእንቅልፌ ትቀሰቅሰኛለች። ልጁም የሚናገረው አማርኛ ብቻ ነው። ትንሽ ይቀመጥና ጠረጴዛ ሥር ይገባል።

ባለቤቴ «በሽታ ይዞ መጥቶ እናትሽን እንቀብራለን፤ ይልቅ ስሙን እናሰርዝና ኪንደርጋርተን ሲደርስ እናስገባዋለን» ይላል። እኔ ልጄ ያለ ጓደኛ፣ ያለ እንግሊዝኛ ቀረ ብዬ እብሰለሰላለሁ። በጁላይ 3 ዓመት የሚሞላት ሴት ልጅም አለችኝ። እምቢ ብል ቦታውን በዚያው እናጣለን? ይሂድ ወይስ ይቅር?

እናት፣ ከብራይትዉድ

* * *

የኔ እህት፣

እኔ ብሆን እልከዋለሁ። ዓርብ ሩቅ ስላልሆነ መልሱን አስቀድሜልሻለሁ። ምክንያቴን ደግሞ አብራችሁ አንብቡት፣ ባለቤትሽም ይስማ።

የሱ ፍርሃት የከንቱ አይደለም። ከኛው ሰው ስንቱን ቀበርን፤ ለቅሶ እንኳ በዙም መድረስ ከጀመርን ከረምን። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፣ ቤታችሁ አሁን ዝግ ነው ወይ? ባለቤትሽ ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ከኋላ ጭኖ ይዞራል። አንቺ ከሰው ቤት ሰው ቤት ትገቢያለሽ። ሁለታችሁም ማታም ይሁን ጠዋት ወደ እናትሽ ትመለሳላችሁ። ቤት የታሰረው እንግዲህ ልጁ ብቻ ነው። 11 ልጆች ማስክ አድርገው፣ መስኮት ተከፍቶ የሚቀመጡበት ክፍል አደጋ የለውም አልልም። ከኡበሩ የኋላ ወንበር ይብሳል ቢሉኝ ግን አልቀበልም።

እኔን ያሳሰቡኝ እናትሽ ናቸው። ከጃንዋሪ 11 ጀምሮ ዲሲ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነዋሪዎችን እየከተበ ነው። የዲሲ ነዋሪ መሆናቸውን ማሳየት በቂ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት አላቸው የላቸውም ብሎ የሚጠይቅ የለም። ችግሩ ቀጠሮ ማግኘቱ ነው፤ በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈሉ። አንቺ በኮምፒውተር፣ ባለቤትሽ መኪናውን አቁሞ በስልክ፣ የአጎት ልጅ ካለም እሱ ከቤቱ ይሞክር። ፋይዘር ከደረሳቸው ሁለተኛው ከ3 ሳምንት በኋላ ነው፣ ሞደርና ከሆነ ከ4 ሳምንት በኋላ። ሁለተኛው በተወጋ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው ሰውነታቸው በደንብ የሚጠነክረው። በዚህ ወር ከጀመሩ ማርች ላይ ትንሽ ትተነፍሻለሽ። አንቺም ካልተከተብሽ ዛሬውኑ ተመዝገቢ፤ የቤት ለቤት ተንከባካቢዎች ከመጀመሪያው ዙር ውስጥ ናችሁ። ለልጁ የሚሆን ክትባት ገና የለም፤ ፋይዘር ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ ሞደርና ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው የተፈቀደው።

እስከዚያ ድረስ ጉርሻ ይቁም። ለእናትሽ የራሳቸው ሳህን ይኑራቸው። ይቀየማሉ፤ ይቀየሙ። ልጁ ከአያቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ የሚተኛ ከሆነም (የኛ ቤት ነገር አውቃለሁ) ለጥቂት ሳምንት አንቺ ጋ ይተኛ። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ጫማው በር ላይ ይቅር፣ እጁን ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር፣ ከዚያ ወደ አያቱ ይሂድ።

አሁን «ስሙን እናሰርዝ» ወደሚለው ልምጣ። እዚህ ላይ ባለቤትሽን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። በአካል አልልከውም ማለትና ከትምህርት ቤቱ ማስወጣት ለየቅል ናቸው። በአካል አይመጣም ብትይ ልጁ በታብሌቱ ይቀጥላል፣ ስሙም መዝገብ ላይ ይቆያል። የተሰጠው ወንበር ለሌላ ልጅ ይሄዳል እንጂ ተማሪነቱ አይሰረዝም። ልጅን የማስተማር ግዴታ ዲሲ ውስጥ የሚጀምረው እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት ሲሞላው ስለሆነ ብታስወጡትም የሚቀጣችሁ የለም። ኪንደርጋርተን ላይም በአድራሻችሁ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ይቀበለዋል፤ መብቱ ነው። እስከዚህ ባለቤትሽ ልክ ነው።

ግን ታናሿን ረሳት። የፕሪ-ኬ ቦታ፣ የሰፈራችሁ ትምህርት ቤት እንኳ ቢሆን፣ የሚገኘው በዕጣ ብቻ ነው። በጁላይ 3 ዓመት ከሞላት «እስከ ሴፕቴምበር 30 ሦስት ዓመት የሞላው» የሚለውን ታሟላለች፣ ለመጪው ዓመት ፕሪ-ኬ 3 መግባት ትችላለች ማለት ነው። ዕጣው ላይ ደግሞ ወንድም ወይም እህት እዚያው ትምህርት ቤት የሚማርለት ልጅ ቅድሚያ ያገኛል። ልጁን አስወጣችሁት ማለት የእህቱን ቅድሚያ በገዛ እጃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው። ለ3 ዓመት ሕፃን ነፃ ትምህርት በየስቴቱ የሚገኝ ነገር አይደለም። ዲሲ በ2008 ባወጣው ሕግ ነው ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በሰፊው የከፈተው። ሌላ ስቴት ያሉ ዘመዶችሽን ለልጅ መዋያ በወር ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቂያቸውና ለባለቤትሽ ንገሪው።

የማመልከቻው መጨረሻ ቀን ማርች 1 ነው። «ማይ ስኩል ዲሲ» በሚባለው ድረ ገጽ ነው የሚሞላው፣ እስከ 12 ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል። ቀድሞ የሞላ አይቀድምም፣ ስለዚህ ተረጋግተሽ ሙዪው። የምትወጂውን አንደኛ አድርጊ። «አንደኛ ካደረግሁት አይደርሰኝም» እየተባለ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚወራውን አትስሚ።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሹፌሮች ስላሉን። የልጄ ትምህርት ቤት ተዘግቷል ብሎ የወረርሽኙን የሥራ አጥ ድጎማ የሚቀበል ሰው ካለ፣ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ በራሱ ምርጫ ልጁን ቤት ካስቀረ ያ ምክንያት ይወድቅበታል። በፌዴራሉ ሕግ ቀጣሪ በልጅ ምክንያት የሚከፍለው የፈቃድ ግዴታም ዲሴምበር 31 አብቅቷል። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ይሄንንም አስቡት።

እንግዲህ እሺ አልሽ እንበል። ፌብሩዋሪ 1 ይከፈታል ስለተባለ ግን ይከፈታል ብለሽ እንዳትተኚ። ከተማውና የመምህራኑ ማኅበር ባለመስማማታቸው ነው ኖቬምበር የቀረው። በዲሴምበር ተስማሙ፣ አሁንም ግን ክርክሩ አልበረደም። በመምህራኑ አልፈርድም። እኔም ጡረታ እስክወጣ ፕሪ-ኬ ክፍል ውስጥ ረዳት አስተማሪ ነበርኩ፤ የ4 ዓመት ልጅ ዓይን ዓይንሽ ላይ ነው የሚያስለው። ኒው ዮርክን ደግሞ እዪ። ሴፕቴምበር 21 ትንንሾቹን አስገቡ፣ በከተማው ከተመረመረው ሰው 3 በመቶው ቫይረሱ ሲገኝበት ኖቬምበር 19 ሁሉንም ዘጉ፣ ዲሴምበር 7 ትንንሾቹን እንደገና መለሱ። ቢከፈትም እንኳ አንድ ሰው ከታመመ ክፍሉ ለቀናት ይዘጋል። ስለዚህ ታብሌቱ ቻርጅ ይደረግ፣ መሳቢያ ውስጥ አይቀበር። ክፍሉ በድንገት ቢዘጋ ማን ነው ቤት የሚውለው የሚለውን ከባለቤትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። «እናቴ አለች» ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ልጁ ለበሽታ ተጋልጧል ተብሎ ከተላከ እናትሽ ጋ ማስቀመጥ የለብሽም።

ትምህርት ቤቱ ሲደውል በተሰባበረ እንግሊዝኛ አትጨነቂ። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በያቸው፣ በስልክ አስተርጓሚ ያስገባሉ። ከ2004 ጀምሮ የዲሲ ሕግ ነው፣ ውለታ አይደለም። ከዚያ ጠይቂያቸው። በታብሌት የለመዳት አስተማሪ ናት ክፍል ውስጥ የምትሆነው? ብዙ ቦታ ሌላ ሰው ነው የሚመደበው፣ ልጁ ይሄን ቀድሞ ማወቅ አለበት። አንድ ልጅ ሲታመም ለስንት ቀን ይዘጋል? ልጆቹ ሲተኙ ምንጣፋቸውን ምን ያህል ያራርቁታል? 6 ጫማ መሆን አለበት፣ አንዱ ራስጌ ሌላው ግርጌ ተደርጎ።

እኔን ከቫይረሱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ዘንድሮ ወላጅ ወደ ውስጥ አይገባም፤ በር ላይ ነው የምትሰናበቺው። ልጅሽ የማያውቀው ሰው፣ ግማሽ ፊቱ ተሸፍኖ፣ በማያውቀው ቋንቋ እጁን ይዞ ይወስደዋል። እኔ ክፍል የነበረ አንድ የኛ ልጅ ሱሪው እስኪረጥብ «መጣ፣ መጣ» ይል ነበር። ዋናዋ አስተማሪ አባቱ የመጣ መስሏት ወደ መስኮት ታሳየዋለች። እኔ ሌላ ክፍል ሄጄ ነበር። ስመለስ ቆሞ ያለቅሳል፣ እሷም ግራ ገብቷት ልታለቅስ ደርሳለች።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ላይ ልጅሽ የሚላቸውን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊላትና ትርጉማቸውን አጠገቡ አድርጊ። ሽንቴ፣ ካካ፣ ውሃ፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ እማዬ፣ በቃኝ። ቤታችሁ ሽንትን በሌላ ስም የምትጠሩት ከሆነ ያንኑ ጻፊ፣ የመጽሐፉን አትጻፊ። አስተማሪዋ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ደስ እያላት። ለሱ ደግሞ «ፖቲ» እና «ሄልፕ» የሚሉትን አስጠኚው። ሁለቱ ከያዙት የቀረው እንግሊዝኛ ከልጆቹ ይመጣል። የማይናገር ሆኖ ሴፕቴምበር የገባ ልጅ ለገና በዓል በእንግሊዝኛ ሲሳደብ አይቻለሁ።

ሌላው የወተት ካርቶን ነው። የትምህርት ቤት ምሳ ላይ የምትመጣዋን ትንሿን ካርቶን ልጆች መክፈት አይችሉም። ድሮ እኛ እየዞርን እንከፍት ነበር፤ አሁን የልጅ ምግብ መነካካት ስለማይፈለግ በተቻለ መጠን ራሳቸው እንዲከፍቱ ነው የሚጠበቀው። ማስክ ወልቆ ምግብ ፊት የሚቀመጡበት ሰዓት ባጠረ መጠንም ለሁሉም ይሻላል። ከሱቅ ገዝተሽ አያቱ ያለማምዱት። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልጋቸውም። የጃኬቱን ዚፕም እንደዚሁ። መስኮት ተከፍቶ ስለሚማሩ ሹራቡ ወፈር ያለ ይሁን፣ ግን በራሱ የሚያወልቀው ይሁን።

ሁለት ሳምንት ሞክሮ ካልሆነላችሁ ወደ ታብሌቱ መመለስ ይቻላል። ከመመለሱ በፊት ግን ደውለሽ አናግሪያቸው እንጂ ዝም ብለሽ አታስቀሪው፤ መቅረት ይመዘገባል።

* * *

እትዬ፣ እኔ ከፔትዎርዝ ነኝ፣ አባት ነኝ። የ3 ዓመት ልጄ ማስክ ሁለት ደቂቃ አታቆይም። ትምህርት ቤት ይመልሷታል እንዴ?

ወንድሜ፣ በማስክ ምክንያት አንድ የ3 ዓመት ልጅ በር ላይ ትመለሳለች ብዬ አላስብም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ሲዲሲ ከ2 ዓመት ጀምሮ ይደረግ ይላል፣ ሲበሉና ሲተኙ ግን ይወልቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ደግሞ 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ እንዲያደርግ መገደድ የለበትም ብለዋል። ስለዚህ አስተማሪዎቹ «አድርጊ፣ አድርጊ» እያሉ ነው የሚውሉት። አንተም ቤት የምትወደውን ካርቱን ስታይ ብቻ አስደርጋት፣ ስታወልቅ ቲቪውን አጥፋ። ጨካኝ ትመስላለህ፣ ግን ይሠራል። ቦርሳዋ ውስጥ ስሟ የተጻፈባቸው ትርፍ ማስኮች ይኑሩ፤ አንዱ ምሳ ላይ ሾርባ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሹሩባ የምትሠራ ከሆነም ከራስ ኋላ የሚታሰረውን ትተህ ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለውን ግዛላት።