ጥያቄና መልስ፦ የተሣለ ጅብ ከሰው ጋር ሲተውን

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ሦስት ጓደኛሞች ነን። ቡና በተፈላ ቁጥር ጅብ የሚገባበት ቤት ታሪክ ይዘን የስምንት ደቂቃ አስፈሪ ኮሜዲ ጀምረናል። ሰዎቹን በስልክ ቀርጸን ጅቡን በላፕቶፕ እየሣልን ነው። ሥዕሉ አላልቅ አለን፤ ያለቀውም ስቲከር የተለጠፈ ይመስላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሥዕሉን ቁጠሩት። ቪዲዮው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስታቆዩት በሰከንድ 12 ይበቃል። ጅቡ በድምሩ 90 ሰከንድ ከታየ 1,080 ሥዕል ነው፤ እያንዳንዳችሁ በቀን 30 ብትሥሉ 12 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ አያ ጅቦን ቆጥባችሁ አሳዩት፤ ለፍርሃቱም የሚበጀው ይኸው ነው። በአቦል ጥላው ብቻ በግድግዳው ይለፍ፤ በቶና ከበሩ ጨለማ ሁለት ዓይን ይርገብገብ፤ ለዚህ አራት ሥዕል በቂ ነው። ሙሉ አካሉ በበረካ ይምጣ። አረማመዱን በ8 ሥዕል ሠርታችሁ ደጋግሙት። ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ካላለ ውሻ ይሆንባችኋል።

ስቲከር ያስመሰለው ከሁሉ በፊት ጥላው ነው። በክሪታም ሆነ በብሌንደር (ሁለቱም የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ናቸው) ከጅቡ ሥር ሌላ ሌየር፣ ማለትም የሥዕል ንብርብር፣ ክፈቱና ጥላውን ሣሉበት፤ ሌየሩን መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን ምስል የሚያጨልም ቅንብር) አድርጋችሁ ኦፓሲቲውን፣ ማለትም ድፍንነቱን፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ ሞክሩ። ቀለሙን ከወለሉ ጨለም ካለ ቦታ ውሰዱ እንጂ ድፍን ጥቁር አታድርጉት። መዳፉ መሬት በሚነካበት ጠቆር ይበል፤ እየራቀ ሲሄድ ይደብዝዝ። የጅቡም ጥቁር ከክፍሉ ጥቁር መብለጥ የለበትም። የማታ የስልክ ቪዲዮ ኖይዝ (የሚርመሰመሱ ደቃቅ ነጠብጣቦች) ስላለው፣ ንጹሑ ሥዕል ላይም ያንኑ የሚመስል ትንሽ ግሬይን ጨምሩበት።

ጅቡን እውነት የሚያደርገው ግን የሚነካው ዕቃ ነው። ረከቦቱ ላይ ያለች አንዲት ስኒ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡ ቅረጹ። የጅቡን አፍንጫ ከዚያ በኋላ በስኒዋ እንቅስቃሴ ልክ ሣሉት፤ ሥዕል ይታረማል፣ የተቀረጸች ስኒ አትታረምም። ክሩን ለማጥፋት እንዲመቻችሁ፣ ካሜራውን ሳታነቃንቁ ባዶውን ክፍል 10 ሰከንድ ቅረጹ፤ በኋላ ክሩን በዚያ ምስል ትሸፍኑታላችሁ። ተዋንያኑ ወዴት ማየት እንዳለባቸው እንዲያውቁ፣ በትር ጫፍ ላይ የተጠቀለለ ካልሲ ከመሬት 80 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ አሳዩአቸው፤ አለዚያ አንዱ ጅቡን፣ ሌላው ግድግዳውን ያያል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ማታ በአምፖል ስቀርጽ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተታሉ። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ስልኩ በራሱ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ሲያደርገው ከዚያ ጋር አይገጥምም። ማኑዋል (በእጅ ማስተካከያ) ባለው የካሜራ አፕ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ይቆልፉት፤ ፎከስና ኤክስፖዠሩንም (የምስሉን ጥራትና የብርሃን መጠን) እንዲሁ። አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ ግን በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ ቀድመው አምስት ሰከንድ ቀርጸው ይዩት። ስልክ በጨለማ የፍሬም ፍጥነቱን ሊቀንስም ይችላል፤ ሥዕል ሳይጀምሩ ቪዲዮውን ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ይለውጡት። ካልሆነ ሥዕሉ ከተዋናዩ ጋር እየተላለፈ ይሄዳል።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ እኛም የጅብ ፊልም ሠርተናል። ለሰው ስናሳየው የሚያስፈራው ቦታ ላይ ይሳቃል፤ የሚያስቀው ላይ ዝም ይላል።

መልስ፦ ድምፁን ፈትሹ። ጅብ ከሩቅ ሲጣራ ድምፁ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሌሊት የሚያስፈራው እሱ ነው። ሳቅ የሚመስለውን የሚያሰማው ግን ራሱ ሲጨነቅ፣ ሌላ ጅብ ሲያባርረው ወይም ሥጋ ሲቀማው ነው። ሳቁን ለማስፈራሪያ ከተጠቀማችሁበት ቦታ አንሡትና፣ ጅቡ የፍሙን ብልጭታ አይቶ በሚደነግጥበት ላይ አድርጉት። ከመታየቱ በፊት ሙዚቃውን ጨርሶ አጥፉ፤ 24 ፍሬም ሙሉ ጸጥታ ይሁን፣ ከዚያ አንዲት ስኒ ብቻ ኮሽ ትበል።