ሠራተኛም አይደለህ፣ ተሳፋሪም አይደለህ

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ ስለ ክላርኔት ሪድ (አፍ ላይ የምትገጠመዋ፣ ስትነፋ የምትርገበገበዋ ቀጭን ሸንበቆ) ጠይቆኝ ስመልስ "መርከብ ላይ ስሠራ የጨው አየሩ ሪድ አያስቀርልኝም ነበር" ብዬ እግረ መንገዴን ጣል አድርጌ አለፍኩ፣ ከዛ ወዲህ የመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ ግን ስለ ክላርኔት አይደለም፣ ስለ መርከቡ ነው። እሺ፣ የዛሬው ዓምድ የመርከብ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የሠራሁባቸውን ኩባንያዎች ስም ደግሞ አልጠራም፣ ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ክሩዝ (የመዝናኛ) መርከብ ላይ መሥራት እንዴት ነበር? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየሞቁ ማታ መጫወት ነው አይደል? ኖታ ማንበብስ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ሰላም ነኝ የኔ ልጅ። ፀሐዩ አለ፣ ግን ያንተ አይደለም።

እኔ የገባሁት በ80ዎቹ አጋማሽ ከማያሚ ነው። ያኔ ማያሚ ቅዳሜ ጠዋት ብትመጣ መርከቦቹ እንደ አውቶቡስ ተሰልፈው ታያለህ፣ ከነሱ መሀል ኖርዌይ የምትባለው ግዙፏ ስትገባ ሁላችንም ወጥተን እናያት ነበር፣ ድሮ "ፍራንስ" የምትባል የፈረንሳዮች ኩራት ነበረች፣ በ1974 ሥራ አቁማ ወደብ ላይ ስትዝግ ቆይታ በ1979 ኖርዌጂያኖች ገዙዋት፣ በ1980 ካሪቢያን ላይ አሰማሯት። የኛዋ ከጎኗ ስትቆም ታሳፍር ነበር።

ሙዚቀኛው አንድ ዓይነት አይደለም። ዴክ ላይ፣ ማለት ውጪ ወለሉ ላይ፣ አበባ ሸሚዝ ለብሶ ካሊፕሶ የሚባለውን የካሪቢያን ዘፈን የሚጫወት አለ፣ ላውንጅ ውስጥ በሦስት ሰው ለስላሳ ነገር የሚጫወት አለ፣ ከዛ ሾው ባንድ አለ፣ ቲያትሩ ውስጥ ዳንሰኞቹን፣ ኮሜዲያኑን፣ አስማተኛውን፣ እንግዳ ዘፋኙን የሚያጅብ። እኔ ሾው ባንድ ነበርኩ፣ አልቶ ሳክስፎን፣ ግን ሳክስ ብቻ ይዘህ ብትመጣ ማንም አይቀጥርህም፣ ክላርኔትና ፍሉትም መንፋት አለብህ፣ አንዱን አስቀምጠህ ሌላውን ለማንሳት የሚሰጥህ ደግሞ ሁለት ባር (ኖታው የሚከፋፈልበት አጭር ምት) ነው።

ኖታ ግዴታ ነው ወይ ላልከው፣ ለሾው ባንድ ከሱ ሌላ ብዙም የሚጠይቅህ የለም። እንግዳው አርቲስት አንድ ደሴት ላይ ይሳፈራል፣ ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪው ከተማ ሊዞር ሲወርድ ቲያትሩ ባዶ ይሆናል፣ ያኔ በኖታ የታጨቀ ፎልደሩን ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ኮፒ የፎቶ ኮፒ፣ ቡና የፈሰሰበት፣ ፕላስተር የተለጠፈበት፣ ከሱ በፊት የተጫወተው ባንድ በእርሳስ "እዚህ ጋ ተጠንቀቅ ዘፋኟ ትረሳለች" ብሎ የጻፈበት። አንዴ ትሄድበታለህ፣ "ከዚህ ዝለሉ፣ ይሄን አራት ጊዜ መልሱ፣ እጄን ሳነሳ አቁሙ" ይልሃል፣ በቃ። ማታ ሁለት ጊዜ ሾው አለ፣ መጀመሪያ ራት ለሚበላው አንዴ፣ ዘግይቶ ለሚበላው ደግሞ አንዴ። ስታበላሽ ተሳፋሪው ላያውቅ ይችላል፣ ድራመሩ ግን ዞር ብሎ ያይሃል፣ እሷ ዓይን ትበቃለች።

እኔን ያተረፈኝ ፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። እኛ ሀገር ኖታ የሚያነብ ነፊ መኖሩ ፈረንጆቹን ይገርማቸው ነበር፣ ታሪኩ ግን ረጅም ነው፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ይጀምራል፣ ከዛ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦሩ ሁሉ የየራሱ ባንድ ነበረው፣ መለከቱን ሳትነካ በፊት ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ እያዜሙ ማንበብ) ነው የሚያስቀምጡህ። ጆሮ ብቻ ይዘው የመጡ ከኔ በጣም የሚበልጡ ተጫዋቾች አውቃለሁ፣ ከመጀመሪያው ሪሃርሳል በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው የወረዱ። ስለዚ ኪቦርድህን በጆሮ ብቻ እየተጫወትክ ከሆነ ዛሬውኑ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለ ሰው ፈልግና ተማር።

ሌላው ማወቅ ያለብህ መርከብ ላይ ኦፊሰር (መኮንኑ)፣ ስታፍ፣ ክሩ (ታችኛው ሠራተኛ) የሚባል ደረጃ አለ። ሙዚቀኛ መሀል ላይ ነው። ዩኒፎርምህን አድርገህ ተሳፋሪው ያለበት መሄድ ትችላለህ፣ ባር ጋ ወንበር ስበህ መቀመጥ ግን አይቻልም፣ ቆመህ። የምትተኛው ከውሃው መስመር በታች ነው፣ ለሁለት አንድ ካቢን፣ መስኮት የለም፣ መብራት ካጠፋህ ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። ከታች ከጫፍ ጫፍ የሚሄድ ረጅም ኮሪደር አለ፣ ሠራተኛው "ናይንቲ ፋይቭ" ነው የሚለው፣ በማያሚው ሀይዌይ ስም፣ እዛ ጋ ሰሃን የሚገፋው፣ አንሶላ የሚገፋው፣ ላባ የሰካችው ዳንሰኛ፣ ሳክሱን ያነገተው ሁሉ ይጋፋል። አንሶላ የሚገፋው ሰውዬ ካንተ ሁለት እጥፍ ሰዓት ይሠራል፣ ባገኘኸው ቁጥር ደግሞ "እናንተማ ትጫወታላችሁ" ይልሃል። እውነቱን ነው ምን ትለዋለህ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። በዛ ዘመን ኢትዮጵያዊ መሆን መርከብ ላይ እንዴት ነበር? ከየት ነህ ሲሉህ ምን ትላቸው ነበር? ብቸኝነቱስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ስትጠይቂ ዘመኑን አስቢው፣ 1985 ነው። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ኮረም ነው። አሜሪካኖቹ ታላላቅ ዘፋኞቻቸውን ሰብስበው ለኛ ረሃብ ያወጡት መዝሙር በየሬዲዮው ነው፣ መርከብ ላይ ደግሞ ተሳፋሪው በየሳምንቱ ይጠይቃል፣ ባንዱ መሪም "ዛሬም ተጠይቋል" ብሎ ወረቀቱን ያከፋፍላል፣ እኔ የሳክሱን ሶሎ እነፋለሁ። ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ የእኩለ ሌሊት ቡፌ የሚባል ነገር አለ፣ በበረዶ የተቀረጸ ዝይ፣ ዙሪያውን ሎብስተር፣ ሰው ራቱን ከበላ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላውም ተሰልፎ ፎቶ ያነሳል፣ ከዛ ይበላል፣ የተረፈው ይደፋል። እኛ ጥግ ላይ ሆነን እናጅባለን።

አንዲት ሴትዮ መጣችና ከየትኛው ደሴት ነህ አለችኝ፣ ጥቁር ከሆንክ ደሴት አለህ ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ነኝ አልኳት። ሰሃኗን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዛ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ተቀየመች ብዬ ሳስብ ተመልሳ መጥታ አምስት ዶላር ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ፣ "ለሀገርህ" አለች። እኔ እንግዲህ ሁለት እጄ ፍሉት ይዟል፣ አፌም ሥራ ላይ ነው። ከዛ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከባርቤዶስ ነኝ እል ነበር፣ የባርቤዶስ ሰው እስኪገጥመኝ ድረስ።

ፓስፖርት አልነበረኝም፣ የስደተኛ የጉዞ ዶክመንት ነው የነበረኝ፣ ያንን ይዘህ አንዳንዱ ወደብ ላይ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ "አንተ እዚሁ ቆይ" ይልሃል፣ ጓደኞችህ ባህር ዳርቻ ይሄዳሉ አንተ መርከቡ ላይ ቆመህ ታያለህ። ወደ አዲስ አበባ መደወል የማይታሰብ ነው፣ ከመርከቡ የሚደወለው በሳተላይት ነው ደቂቃው ኪስ ያራቁታል፣ ወደብ ላይ ያለው የሕዝብ ስልክ ጋ ደግሞ ፊሊፒኖው፣ ጃማይካዊው፣ ሆንዱራሱ ሳንቲሙን ይዞ ተሰልፎልሻል። ደብዳቤ እጽፍ ነበር፣ መልሱ የሚደርሰኝ ማያሚ ስንመለስ ነው፣ እሱም ከደረሰ።

ብቸኝነቱን ያስረሳኝ ክሩ ባሩ ነው ብል አላጋነንኩም። ሾው አልቆ ልብስ ቀይረን ታች እንወርዳለን፣ ፊሊፒኖዎቹ ጊታር አላቸው፣ የማይችሉት ነገር የለም፣ አንድ ሌሊት ትዝታ ሜጀሯን በክላርኔት ቀስ ብዬ ስጀምራት ጊታሪስቱ ሁለት ዙር ሰምቶ ገባ፣ አምስቱን ድምፅ ይዞ ወዴትም አልወጣም፣ ኮርድ አላበዛባትም። ላይኛው ቲያትር ውስጥ ሁለት ሳምንት ያላገኘሁትን ነገር እዛ አገኘሁ። ይሄን ስል የመርከቡን ሙዚቃ መናቄ አይደለም፣ እጅ ያፍታታል፣ ግን ዓመት ሙሉ የሰው ወረቀት ስታነብ የራስህን ነገር መጫወት ትዘነጋለህ፣ በኔ ደርሷል፣ ዋሽንግተን ተመልሼ ከሀበሻ ባንድ ጋ ስቀመጥ ወረቀቱ የታለ ልል ምንም አልቀረኝም።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊው ጊዜ ሆቴል ለተጫወተ ሰው መርከቡ አዲስ አይሆንበትም። እዛም አድማጭህ እስኪነጋ መውጣት አይችልም፣ እዚህም አይችልም።

ጥያቄ፦ የታይታኒክ ሙዚቀኞች እስከ መጨረሻው ተጫወቱ የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፊልም ነገር? እርሶስ ፈርተው ያውቃሉ?

መልስ፦ እውነት ነው። መጨረሻ ላይ የተጫወቱት የቱን ዜማ ነው የሚለው ያከራክራል፣ መጫወታቸውን ግን የተረፉት ብዙ ሰዎች መስክረዋል። ስምንት ነበሩ፣ መሪያቸው ዋላስ ሃርትሊ የሚባል ቫዮሊኒስት፣ አንድም አልተረፈም። እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ግን ከዛ በኋላ የሆነው ነው። ሰዎቹ የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኞች አልነበሩም፣ የሊቨርፑል ኤጀንት ነው ያከራያቸው፣ የተሳፈሩት በሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት ነው። ስለዚ ካሳ ሲጠየቅ የመርከቡ ባለቤት "የኔ ሠራተኛ አይደሉም ተሳፋሪ ናቸው" አለ፣ ኤጀንቱም እጁን ሰበሰበ። ጆክ ሂዩም የሚባል የ21 ዓመት ቫዮሊኒስት ነበረ፣ ልጁ በሞተ በሁለት ሳምንቱ ኤጀንቱ ላባቱ ደብዳቤ ጻፈ፣ የማጽናኛ እንዳይመስልህ፣ የዩኒፎርሙን ሂሳብ ይክፈሉ የሚል ነው።

እኛ ጊዜ ደግሞ የሆነ አለ፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ነሐሴ 1991፣ ኦሺያኖስ የምትባል የግሪኮች መርከብ ከደቡብ አፍሪካው ኢስት ለንደን ወደ ደርባን ስትሄድ ማዕበል ውስጥ ሞተር ክፍሏ ውሃ ገባበት፣ መብራት ጠፋ። ውሃው በፍሳሽ ቧንቧው በኩል እየወጣ በየሽንት ቤቱና በየሻወሩ ወደ ላይ መጣ፣ መርከቧ መስመጥ የጀመረችው ከውስጥ ነው ማለት ትችላለህ። ለተሳፋሪው በደንብ የነገረው የለም፣ ሠራተኞች በጀልባ መውጣት ጀመሩ። ሳሎን ውስጥ የነበሩት አርቲስቶች ናቸው ጊታር ይዘው ሰዉን እያዘፈኑ ያረጋጉት፣ ቆይተው ጊታሪስቱ ሞስ ሂልስ ማን እየመራ ነው ብሎ ወደ መርከቧ መቆጣጠሪያ ክፍል ሲወጣ ማንም የለም፣ ሬዲዮውን አንስቶ ራሱ እርዳታ ጠራ። ሄሊኮፕተር መጣ፣ ካፒቴኑ ተሳፋሪው ሳያልቅ በሄሊኮፕተር ወጣ፣ አርቲስቶቹ ግን ቀርተው ሰዉን በመታጠቂያው እያሰሩ አወጡ። 571ዱም ሰው ተረፈ። በኋላ የግሪክ ምርመራ ካፒቴኑንና አራት መኮንኖቹን ጥፋተኛ ብሏል።

እኔ ይሄን ዜና ስሰማ ከመርከብ ወርጄ ነበር፣ ግን አልገረመኝም። ልምምድ አለ'ኮ፣ ሰባት አጭር አንድ ረጅም ጡሩምባ ሲነፋ ሙዚቀኛውም የራሱ ቦታ አለው፣ ለአሮጊቶቹ የህይወት ማዳኛ ጃኬት የምናስረው እኛ ነን። ፈርተህ ታውቃለህ ላልከው፣ አዎ፣ መስከረም 1988 ጊልበርት የሚባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን መትቶ ወደ ኮዙሜል ሲሄድ እኛ መንገድ ቀይረን ሸሽተን እንኳ ፒያኖው የታሰረበት ሰንሰለት ሌሊቱን ሙሉ ይጮህ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዱባይ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ጊታር ይጫወታል፣ አንድ ደላላ መርከብ ላይ አስቀጥረዋለሁ ብሎ ብዙ ብር እየጠየቀ ነው። ልላክለት?

መልስ፦ እንዳትልኪ። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የባህር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን አለ፣ በ2006 የወጣው፣ ለመቀጠር ሠራተኛው ክፍያ አይጠየቅም ይላል። ወንድምሽ ከኪሱ ሊከፍል የሚችለው ለሕክምና ወረቀት፣ ለባህር ሠራተኛ መታወቂያ ደብተርና ለፓስፖርቱ ነው፣ ቪዛውን እንኳ የሚከፍለው የመርከቡ ባለቤት ነው። ባሃማስም ፓናማም ማልታም ፈርመዋል፣ ብዙው ክሩዝ እነሱ ጋ ተመዝግቦ የነሱን ባንዲራ ነው የሚያውለበልበው። ደላላውን ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ የመርከቡ ስም፣ የባንዲራው ሀገር፣ በጽሑፍ የሆነ ኮንትራት ከነደሞዙ። ደግሞ ጥሩ ቀጣሪ ሲጫወት ቪዲዮ ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜም በቀጥታ ኖታ ሰጥቶ ያስነብባል። ሳይሰማው ተቀጥረሃል የሚል ሰው ጊታሪስት እየፈለገ አይደለም።

ጥያቄ፦ አያቅለሸልሽም ነበር?

መልስ፦ መንፋቱ አያቅለሸልሽም፣ ኖታ ማንበቡ ነው የሚያቅለሸልሸው፣ ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ወለሉ ሲሄድ ጨጓራህ ይገለበጣል። ዝንጅብልና ደረቅ ብስኩት፣ ከዛ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባሮች በቃልህ ያዛቸው።