የተከራየሁት ቤት በር ላይ መዙዛ አለ፤ ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው እስራኤል ነው። በቅርቡ የተከራየሁት ቤት መቃን ላይ፣ በስተቀኝ፣ መዙዛ የሚሉት፣ አይሁድ በራቸው ላይ የሚያደርጉት ትንሽ ማኅደር አለ። አከራዬ አይሁዳዊ ነው። አንዷ ጓደኛዬ «ቤት ይጠብቃል፣ ስትገቢ እየነካሽ ሳሚው» ትላለች። ሌላዋ «ኦርቶዶክስ ሆነሽ! ነቅለሽ ጣይው» አለችኝ። የቱን ልስማ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። መጣሉን ተዪው። በዚያች ትንሽ ማኅደር ውስጥ የተጠቀለለ ብራና አለ። ዘዳግም 6፥4-9 እና 11፥13-21 በዕብራይስጥ፣ በእጅ፣ በ22 መስመር ተጽፎበታል። «እስራኤል ሆይ፥ ስማ» ብሎ ይጀምራል። ጌታችንም ፊተኛዋ ትእዛዝ የትኛዋ ናት ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው ይህንኑ ቃል ነው (ማር. 12፥29)። የእኛም መጽሐፍ ነውና ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።

ብዙ ሰው መዙዛን በግብፅ መቃኖች ላይ ከተቀባው የበግ ደም ጋር ያምታታዋል። ያ ለአንዲት ሌሊት ነበር። መዙዛ ግን የሚወጣና የሚገባ ሁሉ ትእዛዙን እንዲያስብ በየቀኑ ደጅ ላይ የሚኖር ነው። ለዚህም ነው ፊደሉ እንዳይጠፋ በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ አውጥተው የሚመረምሩት።

«ቤት ይጠብቃል» የሚለውን ብዙ አይሁድም ያምኑበታል። ሆኖም ታላቁ መምህራቸው ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው መቶ ዘመን በውስጡ የመላእክት ስም የሚጽፉትን አጥብቆ ገሥጿል። የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ለራሳቸው ጥቅም ክታብ አደረጉት ብሎ ነው። ይህ ተግሣጽ እኛንም ይነካናል! ስንቶቻችን ነን ጸሎቱን ትተን ክታብ የምናስጽፈው?

ስለዚህ ለአከራይሽ በትሕትና ንገሪው። በሕጋቸው አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ሲገባ መዙዛው ይነሣል፤ ራሱ በክብር ይውሰደው። «ይቆይ» ካለም ይቆይ፣ ቤትሽን አያረክስም። መሳሙ ግን የእነርሱ ሥርዓት ነው፤ አንቺ አትያዢው። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን እንኳ አገር ቤት ሳሉ መዙዛ አልነበራቸውም። የለመዱት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው።

አንቺ ቤትሽን በራስሽ ሥርዓት አስባርኪ። ኢየሩሳሌም ያሉትን አባቶቻችንን ለምኚ፤ ጸሎት ያድርሱልሽ፣ ጠበል ይርጩልሽ። የጌታንና የእመቤታችንን ሥዕል በስተምሥራቅ ስቀዪ። ካህን እስኪመጣልሽ አትጠብቂ፤ ዳዊትሽን ይዘሽ ዛሬ ማታ ጀምሪ።