ፒኤች ማውረጃ ከመግዛትሽ በፊት፦ ኤንጅል፣ ኦስካርና ራም ደሴ ላይ በአንድ ገንዳ

እህቴ ሰላም። አብሽሪ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። ያልሽው እንዲህ ነው፦ ደሴ፣ 100 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ 200 ሊትር የዓሣ ገንዳ፣ ከተሞላ 3 ሳምንቱ። ውስጡ 4 ኤንጅል፣ 2 ትንንሽ ኦስካር፣ አንድ ጥንድ ራም (ሦስቱም ሲክሊድ የሚባለው ቤተሰብ የደቡብ አሜሪካ ዓሦች ናቸው) እና 10 ኒዮን ቴትራ። አንድ የ300 ዋት ሂተር ለራሞቹ ሲባል 29 ዲግሪ ላይ፣ አንድ ስፖንጅ ፊልተር (በኤር ፓምፕ የሚሠራ የውሃ ማጣሪያ)። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ 3 ኒዮን የት እንደገቡ አልታወቀም፤ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ 7 መካከለኛው ነው) ስትለኪ 8 ሆነ። «ፒኤች ማውረጃ ልግዛ ወይ?»

አትግዢ። ገበያ ላይ ያሉት ኤንጅልና ኦስካር በብዛት የእርባታ ዘሮች ናቸው፤ 7.5 እስከ 8 ላይ ተላምደው ይኖራሉ። ማውረጃውም ሆነ ሎሚና ኮምጣጤው ፒኤቹን ለሰዓታት ይጥለውና በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦኔት መልሶ ያወጣዋል። ዓሣውን የሚጎዳው ይሄ ውጣ ውረድ ነው እንጂ ባለበት የቆመ 8 አይደለም።

የጠዋቱ ማለክለክ መነሻው ከፍታው ሳይሆን አይቀርም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 29 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በሊትር 7.7 ሚሊ ግራም ገደማ ሲይዝ፣ አንቺ ቤት የቻለውን ያህል ቢጠግብ እንኳ 5.6 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ያለ «ለ200 ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ሠንጠረዥ ለኛ አልተሠራም፤ ከቁጥሩ ሩቡን ቀንሰሽ ጀምሪ። ከኮምቦልቻ «እኔ ዘንድ ይሄው ሁሉ ዓሣ ምንም አልሆነም» ያለው ወንድማችንም አልዋሸም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ እሱ ጋ በዚያው ሙቀት 6.1 ይደርሳል። ሌሊት ላይ ደግሞ ዓሣውም፣ ተክሉም፣ ባክቴሪያውም ኦክስጅን ብቻ ስለሚወስዱ ዝቅተኛው ሰዓት ሊነጋ ሲል ነው።

ግን ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፣ ለይው። ጠዋት አለክልከው ረፋድ ላይ ወደ ታች ከወረዱ ኦክስጅን ነው። ቀኑን ሙሉ ላይ ከዋሉ፣ ስንጥባቸው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ አሞኒያ ወይም ናይትራይት፣ ማለትም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ ነው። አዲስ ገንዳ ቆሻሻውን የሚበላው ባክቴሪያ እስኪፈላበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ አንቺ 3 ሳምንት ላይ ነሽ፣ ዓሣው ደግሞ ሞልቷል። ፒኤች 8 ላይ አሞኒያ ከፒኤች 7 ይልቅ 10 እጥፍ ገደማ መርዛማ ነው። ቴስት ኪት (የውሃ መመርመሪያ) የምትገዢው ለዚህ ነው፤ የማውረጃውን ብር እዚህ ላይ አውይው። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ናይትሬት (ባክቴሪያው በመጨረሻ የሚያወጣው፣ ጉዳቱ ያነሰው) በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ይበቃል።

አሁን የምታደርጊው፦ የውሃውን ሲሶ ቀይሪ። የቧንቧ ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ ኤር ፓምፕ እየነፋሽበት አንድ ቀን አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ሮቶሽ ውስጥ በረኪና ከተጨመረ በዚህ አትተማመኚ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ተጠቀሚ። ማሞቁ ቀላል ነው፦ 17 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ (14 ዲግሪ አካባቢ) ላይ 3 ሊትር የፈላ ብትጨምሪ 25 ወይም 26 ይወጣል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሌላ አገር ያገኘሽውን ሒሳብ አትከተይ፤ ከማፍሰስሽ በፊትም በቴርሞሜትር ለኪው። ሂተሩን ከውሃ ቅየራው 15 ደቂቃ በፊት ንቀይው። ውሃው ሲጎድል ሂተሩ ራቁቱን ቀርቶ ከጋለ መስታወቱ ይሰነጠቃል፤ መብራት ጠፍቶ ሳለ ቀይረሽ ድንገት ሲመጣም እንደዚያው ነው። ናይትራይት ከተገኘ ለ200 ሊትሩ 20 ግራም የወጥ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ አሟሙተሽ ጨምሪ፤ ስንጥባቸውን ያግዛል። ለሁለት ቀን ምግብ አትስጪ። ከዚያ በኋላም ደቃቋ የዓሣ ምግብ በቀን ሁለቴ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል። የእንጀራ ፍርፋሪ የሚሰጥ ሰው አለ፤ ውሃ ማበላሸት ነው።

አሁን ማን ይቀር? ኦስካሮቹ ይውጡ፣ በዚህ ድርድር የለም። ዛሬ ጣት የሚያህሉት ዓሦች ባለ 30 ሴንቲ ይሆናሉ፣ ለሁለቱ ቢያንስ 400 ሊትር ይፈልጋሉ፣ አፋቸው የሚችለውን ሁሉ ይውጣሉ። 3ቱ ኒዮን የት እንደገቡ እዚያው ነው መልሱ። ወደ ሻጩ መልሺያቸው ወይም ትልቅ ገንዳ ላለው ስጪ፤ ቦርከና ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ግን በፍጹም። (የሐይቁ ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው፣ ያውም አፍሪካዊ። ጫጩቱን አምጥቶ ከኤንጅል ጋር ልጨምር የሚል ከመጣ፣ አሸዋውን ቆፍሮ ተክሉን ነቅሎ ገንዳውን ለብቻው ይወርሳል በይው።)

ራሞቹ የኦሪኖኮ ተፋሰስ ዓሦች ናቸው፤ ከ27 እስከ 30 ዲግሪና ለስላሳ ውሃ ይወዳሉ። ደሴ ላይ ለእነሱ ብሎ ገንዳውን ማሞቅ የሌሎቹን ኦክስጅን መቀማት ነው፤ በሞቀ ቁጥር ውሃው የሚይዘው ይቀንሳል፣ ዓሣው የሚፈልገው ይጨምራል። እኔ ብሆን እመልሳቸውና የቦሊቪያ ራም እፈልግ ነበር፤ 25 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ጠንከር ያለ ውሃም ይችላል። ኒዮኖቹ ኤንጅሎቹ እስኪያድጉ ይቆያሉ፤ ያደገ ኤንጅል ለቀጠን ያለ ቴትራ አዳኝ ነው፣ በተለይ ማታ። በነሱ ፈንታ ያደጉ ሞሊዎች ብታስገቢ የኛን ዓይነት ውሃ ይወዱታል፤ ጫጩታቸው የኤንጅል ቁርስ ይሆናል፣ ይሄን እወቂ። ታይገር ባርብ አይሁን፣ የኤንጅልን ረጅም ክንፍ እየቦጨቀ ይጨርሰዋል።

አራቱ ኤንጅል ለጊዜው ይኑሩ። አንድ ቀን ሁለቱ የፊልተሩን ቧንቧ ወይም አንድ ቅጠል በአፋቸው እየጠረጉ ታያቸዋለሽ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ጥግ ላይ፣ ክንፋቸውን አጣብቀው፣ ውሃው አናት ላይ ይቆማሉ። ጠራጊዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ነው። ጥንዱ ከገንዳው ከግማሽ በላይ የኔ ነው ስለሚል ሌሎቹን በዚያው ሰሞን አውጪ፤ ይስማማሉ ብለሽ ከተውሻቸው አንዱ በጭንቀት ይሞታል። የቆመ ድንጋይና ረጅም እንጨት መሐል ላይ አድርጊ፣ እይታቸውን ይቆርጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አይግባ፣ ዘይት አለው። ድንጋዩ ላይ ኮምጣጤ አንጠባጥቢ፣ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ተይው።

ሙቀቱን ወደ 25 ወይም 26 አውርጂው፣ በቀን አንድ ዲግሪ እያልሽ። የ300 ዋቱን አንድ ሂተር በሁለት የ150 ቀይሪ፤ አንዱ በርቶ ቢቀር ዓሣውን ለመቀቀል አቅም ያንሰዋል፣ ጠፍቶ ቢቀር ሌላው አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ለደሴ በሊትር 1.5 ዋት ትክክል ነው፣ ኮምቦልቻ 1 ይበቃል። ከጀርባና ከጎን ፎም ለጥፊ፤ መብራት ሲጠፋ ጋቢ ደርቢበት።

አየሩን በተመለከተ አንድ ስፖንጅ ፊልተር አይበቃሽም፣ ሁለት አድርጊና ሌሊት አታጥፊያቸው። ኦክስጅን በአብዛኛው የሚገባው በአረፋው ሳይሆን በሚናወጠው የውሃ ገጽ ስለሆነ መክደኛውም ክፍተት ይኑረው። ፓምፑን ከውሃው ወለል በላይ ስቀይ ወይም ውሃ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አስገቢ፣ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑና ወደ ሶኬቱ ይወርዳል። ደግሞም ፓምፑ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው፦ የከሰሉን ጭስ፣ የሚረጨውን የትንኝ መድኃኒት። መድኃኒት ከተነፋ ዓሣው በሰዓታት ሊያልቅ ይችላል፤ ከመረጨቱ በፊት ፓምፑን አጥፊ፣ ገንዳውን ሸፍኚ፣ ክፍሉ ሲናፈስ መልሰሽ አብሪው።

ለመብራት መጥፋት በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ያዢ። 1 ዋት አካባቢ ብቻ ስለምትወስድ ባለ 10,000 ሚሊ አምፒር ፓወር ባንክ ሌሊቱን ያሳድራታል። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ጭነት ሲያንስበት ራሱን ያጠፋልና ቀን ላይ ሞክሪው። ስፖንጁ ብዙ ሰዓት ቆሞ ከዋለ ከማብራትሽ በፊት ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ አለቅልቂው፣ በቧንቧ ውሃ አይደለም።

አዲስ ዓሣ የምታስመጪው አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ለ2 ሳምንት ዜሮ ሲቆዩ ነው። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በመኪና የመጣ ፌስታል ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሞ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን አውርዶ ይዞታል። ስትከፍቺው ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያውም ያኔ ይመርዛል። ስለዚህ ፌስታሉን ሳትከፍቺ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ አንሳፍፊው፣ ከዚያ ከፍተሽ ወዲያው ዓሣውን በመረብ አሻግሪ፣ የፌስታሉን ውሃ ድፊው።